ዙሪያዋን የምታስኬድ ጀልባ

ኦሴ መንደር፣ ጎቶ ደሴቶች
ኤፕሪል 9 ቀን 2003

ለምወድህ ለባሌ እህት ልጅ፣ ለያሱሃሩ

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ጤናህ የተሟላ፣ ቤትህ የሞቀ፣ የዚያ የሩቅ አገር ነፋስም የራራልህ ይሁን። እዚህ የቼሪው አበባ በአንድ ዝናብ ረግፎ አለቀ፤ ቀዩ ታይ ዓሣም ወደ ዳርቻው መጠጋት ጀምሯል። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

አጎትህ ግን ደህና ነው ብዬ ልዋሽህ አልችልም። በብርዱ ወራት ስትሮክ መትቶት ግራ እጁና ግራ እግሩ አልታዘዝ አሉት። አንደበቱ ተመልሷል፤ ስድቡም አብሮ ተመልሷል። ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ እኔን እንኳ ሳያማክር፣ ካፒቴን ሆኖ ሰው የሚጭንበትን ጀልባውን ለጎረቤት ወደብ ሰው ሸጠው። «ምነው ጌንሳኩ?» ብለው «ግማሽ ሰው ሙሉ ጀልባ ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው፣ አሁን ቢቆጨውም አይናገረውም። መቀመጫውን አዙሮ ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ ኮረብታውን ሲያይ ይውላል። ኮረብታው ላይ ደግሞ ከጎረቤታችን ከኩቦታ ሽንኩርት በቀር የሚታይ ነገር የለም።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሰውዬው ሳይሞት እንዳይሞት። ስለዚህ ጀልባ ልገዛ ነው። አትሳቅ። የመንጃ ፈቃድ ትምህርቱንም ጀምሬዋለሁ። እሱ ግን ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ዳንስ የምማር ይመስለዋል።

በዋናው ደሴት ጀልባ የሚሸጠው ሐማዛኪ ሦስት አሳየኝ፤ ሦስቱም ሰባት ሜትር ገደማ ናቸው። አንደኛዋ ክፍል የሚባል የላትም፤ መሪዋ መሐል ላይ ቆሟል፣ ሌላው ሁሉ ሜዳ ነው። ሁለተኛዋ ሰፊ ክፍል አላት፤ ወደ ፊት የሚያሳልፈው መንገድ ግን በቀኟ በኩል ብቻ ነው። ሦስተኛዋ ክፍሏ ጠበብ ብሎ ሰው በቀኝም በግራም ዙሪያዋን ሊሄድ ይችላል። የሐማዛኪ ምላስ ቅቤ ነው፤ ሦስቱንም እኩል ያሞግሳቸዋል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ ሞኝ መሆን አልፈልግም። አንተ ጀልባ ስትሸጥ የኖርክ ሰው ነህና ለዳርቻ ባሕር፣ ለሁለት ሽማግሌዎች የምትሆነዋን ምረጥልኝ።

አደራ፣ አትደውል። ስልኩ ያለው እሱ የሚቀመጥበት ክፍል ነው። መልስህን በዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ አድራሻ ላክልኝ።

አክስትህ ኪኑዬ


ታውራንጋ፣ ኒውዚላንድ
ሜይ 2 ቀን 2003

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ኪኑዬ

ባሉበት ሰላምዎ ይብዛ፤ ጉልበትዎንም ይማርልኝ። እዚህ መኸር ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት የጀልባዎቹ መስታወት ላይ ጤዛ ስንጠርግ እናረፍዳለን።

የአጎቴን ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። እሳቸው ኮረብታ ሲያዩ ማሰብ አልቻልኩም። ልጅ ሳለሁ ከወደቡ ግንብ ላይ ሆነው በነፋሱ ሽታ ብቻ ነገ ምን እንደሚያዝ ይነግሩኝ ነበር። እኔ እዚህ ሱቅ ከገባሁ ወዲህ ስሜን እንኳ እንደማይጠሩት አውቃለሁ። እናቴ እንደነገረችኝ «ሱቅ ጠባቂው» ነው የምባለው። እውነታቸውን ነው፤ ሱቅ እጠብቃለሁ።

ወደ ጉዳያችን ልግባ። ባሕሩን በልጅነት ዓይን ስለማውቀው መጠየቅ አለብኝ። ውኃው ሲጎድል የወደቡ ግንብ ከጀልባዋ ምን ያህል ይርቃል? የወደቡ አፍ ላይ ሞገዱና ነፋሱ ሲጋጩ አሁንም እንደ ድስት ይፈላል? ገመድ ለማሰር ወደ ፊት የሚሄደው ማን ነው፣ እርስዎ ወይስ እሳቸው? ዝናብ ሲመጣ የት ትጠለላላችሁ?

እስከዚያው ያለኝ አሳብ ይህ ነው። አንደኛዋን ይተዋት፤ ለወጣቶች ናት፣ ፀሐዩም ዝናቡም አናት ላይ ነው። ከሁለተኛዋና ከሦስተኛዋ እኔ ሁለተኛዋን እመርጣለሁ። የግራ መተላለፊያዋን ስለቆረጡት ክፍሏ ሰፍቷል፤ አጎቴ ጋደም የሚሉበት አግዳሚ ይኖራታል፣ መጸዳጃም ይገባላታል። ለታመመ ሰው ምቾት ነው የሚያስፈልገው። ቀኝ መተላለፊያዋም ሰፊ ስለሆነ መሄጃ አይጠፋም።

የሐኪሙ አሳብ ምንድን ነው? እሱንም ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ ያሱሃሩ


ኦሴ
ጁን 21 ቀን 2003

ለልጄ ለያሱሃሩ

ዝናቡ ቤቱን ሻጋታ ሻጋታ ባሸተተበት ወራት አንተ ደረቅ ቦታ መሆንህን ስሰማ ደስ አለኝ። መልሴ የዘገየው ፈተና ስለነበረብኝ ነው። የጽሑፉን አልፌያለሁ። ጀልባ ማስጠጋቱ ላይ ግን ወድቄ እንደገና እፈተናለሁ፤ ግንቡን ሳምኩት፣ መምህሩም ገረጣ።

ሐኪሙ «ሰው አብሮት ካለና የመንሳፈፊያ ሰደርያ ካደረገ ይውጣ፤ የሚገድለው ባሕሩ ሳይሆን መቀመጡ ነው» ብሏል። ግንቡ ውኃው ሲጎድል ቁመቴን ያክላል፤ አሁን ግን ማኅበሩ ከውኃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል መሳፈሪያ ስለሠራ ከዚያ ላይ በእግር መግባት ይቻላል። የወደቡ አፍ እንደ ድሮው ይፈላል። ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤታችን ነው የምንጠለለው፤ ሌላ የት እንሄዳለን?

አሁን የሠራሁትን ልንገርህ። ሁለተኛዋን ልገዛ ልቤ ሲያዘነብል ጊዜ አጎትህን አፉን ልሞክረው ብዬ እራት ላይ ዋሸሁ።

«የኩቦታ ልጅ ጀልባ ሊገዛ ነው» አልኩት።

«ያ ሽንኩርት ነቃይ?»

«እሱው።»

«ባሕሩን በዶማ ሊቆፍር ነው?» አለና ሾርባውን ጠጣ። እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ የጀልባዋን ክፍል ስፋት፣ አግዳሚዋን፣ መጸዳጃዋን ነገርኩት። «ታይ ሊያጠምድባት ነው ወይስ ሚስት ሊያገባባት?» አለኝ። በማግስቱ ሩዙን ገና ሳላቀርብ «ልጁ ምን ወሰነ?» አለኝ። በሦስተኛውም ቀን ጠየቀኝ። ከስትሮኩ ወዲህ እሱ ጥያቄ ሲጠይቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እስካሁን የሚጠይቀው ጨው የት እንዳለ ብቻ ነበር።

ስለዚህ እነዚህን መልስልኝ፤ እኔ ነኝ የምጠይቅህ፣ ለማወቅ ያህል ነው። ማዕበሉ ከኋላ ሲመጣ አፍንጫዋን ትቀብራለች ወይስ ጭራዋን ታነሣለች? ዙሪያዋን ያለው መያዣ ብረት ወለሉን በስቶ ከታች በዳዶ ታስሯል ወይስ ከላይ በብሎን ብቻ ተጣብቋል? የብረቱ ቁመት ወገብ ይደርሳል ወይስ ጉልበት ነው? ወለሉ ላይ የገባ ውኃ ጀልባዋ ወደ ጎን ስታጋድል ተመልሶ ይወጣል ወይስ እዚያው ይንቦጫረቃል? መልሕቁን ለመጣል ሰው አጎንብሶ ነው ወይስ ቆሞ?

ደግሞ ትናንት ምን እንዳለ ታውቃለህ? ፊቱን ወደ ኮረብታው እንዳደረገ፣ «ይሄ የኩቦታ ልጅ ጀልባ ሻጭ ዘመድ ካለው ለምን አይጠይቅም? ከሱቅ ጠባቂም አንዳንዴ ቁም ነገር አይጠፋም» አለ። የኩቦታ ልጅ ጀልባ ሻጭ ዘመድ የለውም።

አክስትህ ኪኑዬ


ታውራንጋ
ጁላይ 14 ቀን 2003

ለተከበሩ አክስቴ

ፈተናውን በሚቀጥለው እንደሚያልፉ አልጠራጠርም፤ እኔም ስማር ግንብ ስሜያለሁ። የእኔን ግን ያዩት አጎቴ ነበሩ፤ ይህ ከመምህር የባሰ ነው።

አክስቴ፣ እርስዎን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅዎታለሁ። ስለ ዳዶና ስለ ብሎን በሕይወትዎ ጠይቀው አያውቁም። ጥያቄዎቹን ሳነብ አጎቴ ከጀርባዬ የቆሙ መሰለኝና ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ስለዚህ እንደ ሱቅ ጠባቂ ሳይሆን እንደሚገባ ልመልስ ብዬ፣ ሥራ በቀዘቀዘበት ቀን አሠሪዬን ማርጎን አስፈቅጄ ግቢያችን ውስጥ ያሉ ጀልባዎች ላይ ወጣሁ። ግራ እጄን ቀበቶዬ ውስጥ ሰካሁ፤ ግራ ጉልበቴን እንዳይታጠፍ በፎጣና በጣውላ አሰርኩት። ባልደረቦቼ ሥራቸውን ትተው ተሰበሰቡ። «ያሱ፣ ምን ነካህ?» ይሉኛል። እኔም «ደንበኛ እያገለገልኩ ነው» አልኳቸው።

መጀመሪያ ለእርስዎ የመረጥኩት ዓይነት ላይ ወጣሁ፤ መተላለፊያዋ በቀኝ ብቻ። ወደ ፊት ስሄድ ቀኝ እጄ የውጭውን ብረት ይዟል፣ እንደ ንጉሥ ሄድኩ። ገመዱን አስሬ ልመለስ ዞር ስል ብረቱ በግራዬ ሆነ። በቀኜ ያለው የክፍሉ ግድግዳ ነው፤ እሱ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ የሚያዝ ነገር የለውም። ያለኝ አማራጭ እንደ ሸርጣን ኋላ ኋላ መሄድ ነበር። በመሬት ላይ በቆመ ጀልባ እንኳ ሁለት ጊዜ ተንገዳገድኩ። በኦሴ ወደብ አፍ ላይ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ አላበኝ።

ከዚያ ዙሪያዋን የምታስኬደዋ ላይ ወጣሁ። በቀኟ በኩል ወደ ፊት ሄድኩ፤ ብረቱ በቀኜ። አፍንጫዋ ጋ ስደርስ ወደ ኋላ አልተመለስኩም፤ እጄን ሳላነሣ ዞርኩና በግራዋ በኩል መጣሁ። ፊቴ ወደ ኋላዋ ስለሆነ ብረቱ አሁንም በቀኜ ነው! አንድ ዙር ሙሉ ቀኝ እጄ ከብረቱ አልተነሣም፤ ግራዬም ምንም አልተጠየቀም። ደስ ብሎኝ ደጋግሜ ዞርኩ። ማርጎ «ደንበኛው ረክቷል?» ስትለኝ ነው ያቆምኩት። አቅጣጫው ግን ያ ብቻ ነው። በተቃራኒው ከዞሩ ብረቱ ለግራ እጅ ይሆናል።

ስለዚህ የቀደመ ምክሬን አንሥቼአለሁ። ሦስተኛዋን ይግዙ። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አግዳሚም የላትም። ለታመመ ሰው ምቾት ነው የሚያስፈልገው ብዬ የጻፍኩት ስንፍና ነበር። የብረቱ ቁመት ወገብ ካልደረሰ ሐማዛኪ ያስረዝመው፤ ከታች በዳዶ መታሰሩን በእጅዎ ገብተው ይዳስሱ፤ በምላሱ አይመኑት። ማዕበል ከኋላ ሲመጣ ያቺ ዓይነት ጭራዋን ታነሣለች፤ ፊቷን እንዳትቀብር ግን ከባድ ዕቃ ወደ ፊት አይጫን። ውኃው በኋላዋ ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። መልሕቁ በቆሙበት ይጣላል።

የኩቦታን ልጅ ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪዎ ያሱሃሩ


ኦሴ
ሴፕቴምበር 18 ቀን 2003

ለልጄ ለያሱሃሩ

አውሎ ነፋሱ ጣሪያ ሳይወስድ በጎናችን አልፏል፤ አንተም በሰላም ከርመህ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ፈቃዴን አገኘሁ። ሦስተኛዋንም ገዛኋት። ሐማዛኪ እያየኝ ጓዳዋ ውስጥ በደረቴ ተስቤ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ዳሰስኳቸው፤ አንዱ ላልቶ ስለነበር አስጠበቅሁት። «ባለሙያ ነዎት እንዴ?» ሲለኝ «ዳንሰኛ ነኝ» አልኩት።

ደስታዬ ግን እዚያው ቀረ። የአንተን ዙረት ለአጎትህ የኩቦታ ልጅ አደረገው ብዬ ስነግረው ሾርባውን አስቀመጠ። ቀጥሎ ቀኝ እጁን አየር ላይ እያንቀሳቀሰ፣ ጣቱን በጠረጴዛው ጠርዝ ዙሪያ አስኬደው። እውነቱን የምናገርበት ሰዓት ነው አልኩና «ጌንሳኩ፣ ጀልባዋ የኩቦታ አይደለችም፤ የእኛ ናት» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ከዳንስ የምትመለሺው ናፍጣ ናፍጣ እየሸተትሽ ነው።»

«ታዲያ እሑድ እንያት።»

«አንቺ እያት።»

«ብረቱ እኮ...»

«ብረቱ ጥሩ ነው። ልጁም በደንብ አስቦታል። ግን ሃምሳ ዓመት ሰው ጭኜ ኖሬ፣ ዛሬ ጭነት አልሆንም።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጀልባ ባነሣሁ ቁጥር ተነሥቶ ይተኛል። ጠረጴዛውንም አይነካውም። ጀልባዋ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ባሕር ትገባለች። አትደውል ያልኩህን አንሥቼዋለሁ። አሁን ደውልለት፤ እኔ የምለው አልቆብኛል።

አክስትህ ኪኑዬ


ታውራንጋ
ኦክቶበር 11 ቀን 2003

ለተከበሩ አክስቴ

እግዜር ብርታት ይስጥዎ፤ ዛሬ የምለው ጥቂት ነው።

ብዙ ጊዜ ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ። «አጎቴ» ካልኩ በኋላ የሚከተለው አይመጣልኝም። እባክዎ ይውጡ ብላቸው፣ ሱቅ ጠባቂ እንኳ የሚያዝንልኝ ሰው ሆንኩ ይላሉ። ማዘኔን ከሰሙ ደግሞ ነገሩ ያበቃለታል።

እኔና እርስዎ ወራት ሙሉ ስለ ብረት ቁመት ስንጠያየቅ ከረምን። እጃቸው የሚይዘውን አገኘንላቸው፤ ጀልባዋ ላይ ምን እንደሚሠሩ ግን አልጠየቅንም። ዓሣ የማጥመዱን ነገር አይደለም የምለው። አንድ ካፒቴን ሌላ ሰው መሪ በያዘበት ጀልባ ላይ ምን ሥራ አለው? ይህን ሳስብ ውዬ አድራለሁ። ያለ ሥራ አይወጡም።

ባይወጡም እርስዎ ይውጡ፤ ፈቃዱ የእርስዎ ነው። ጀልባዋ ባሕር የምትገባበትን ቀን በዝርዝር ይጻፉልኝ፤ ከልቤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አክባሪዎ ያሱሃሩ


ኦሴ
ኖቬምበር 6 ቀን 2003

ለልጄ ለያሱሃሩ

እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ብርቱካኑም ቀልቷል። አንተ ዘንድ በጋው በደስታ ይግባልህ። በዝርዝር ይጻፉልኝ ስላልከኝ በዝርዝር ልጻፍ።

ቀኑ ጥርት ያለ ነበር። ባለ ቀለሙን ባንዲራ ሰቅለንላት፣ ካህኑ ጸልዮላት፣ የሩዝ ጠጁ ሳኬ በአፍንጫዋና በጭራዋ ፈስሶላት፣ የሩዝ ቂጣውም ለልጆች ተበትኖ ነበር። የማኅበሩ ሰዎች በሙሉ፣ ጀልባ ሻጩ ሐማዛኪም ሳይቀር መጥተዋል። አጎትህም መጣ። የመጣው ግን ቢቀር ሰው ስለሚያወራ ነው፤ ምርኩዙን ተክሎ ሁሉም ከቆሙበት ራቅ ብሎ ቆመ። መሳፈሪያው ላይ ኑ ቢሉት አልሰማ አለ።

ከዚያ ወደ መሪው ገባሁ። አዲስ ጀልባ ለባሕሩ ሰላምታ የምትሰጠው ወደቡ ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ዞራ መሆኑን አንተም አትረሳውም፤ እዚህ ወተት የሚጠባ ልጅ ያውቀዋል። ሞተሩን አስነሣሁ፣ መሐል ወደቡ ገባሁ፣ መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩት።

ካህኑ ማራገቢያውን ከፈተና ፊቱን ሸፈነ። አንድ ዙር ሙሉ ወደ ቀኝ ዞርኩ፤ ለክፉ መንፈስ በር እንደ መክፈት ነው። ሁለተኛውን ስጀምር የአጎትህን ድምፅ ሰማሁ። ያን ድምፅ ከሰማሁት ዓመት ሊሞላ ነው።

«ግራ! አንቺ ሴትዮ፣ ግራ! ልትቀብሪያት ነው ወይስ ልትመርቂያት?»

«ምን?» አልኩት፣ ሞተሩ እንዳላሰማኝ ሆኜ።

«ግራ ነው የምልሽ! በዚያች የሾርባ ማንኪያ በምትይዢበት እጅሽ ሳይሆን በዚያኛው!»

ወደ መሳፈሪያው አስጠጋኋት፤ ግንብም አልሳምኩም። «ግራ ገባኝ፤ ና አሳየኝ እንግዲህ» አልኩት።

ሲንቀሳቀስ የማኅበሩ ሰዎች በጨዋ ደንብ ፊታቸውን አዞሩ፤ አንዳንዱ ጫማውን አሰረ፣ አንዳንዱ ሰማይ አየ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ምርኩዙን እንደያዘ ብረቱን መያዝ አይችልም፤ ያለው አንድ እጅ ነው። እኔ እጄን አልዘረጋሁም፤ መሪውን ጨምድጄ ያዝኩ። ምርኩዙን አየው። ወዲያው ለሐማዛኪ ወረወረለትና በባዶ እጁ ብረቱን ጨበጠ። እግሩ ተጎተተ፣ ገባ።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ መሰለህ? አልመጣም። ቀጥታ በቀኟ በኩል ወደ ፊት ሄደ። አፍንጫዋ ጋ ቆሞ ውኃውን አየ፤ ዞረ፤ በግራዋ በኩል ተመለሰ። እጁ አልተነሣም፤ ያልከው ሁሉ ልክ ነበር። እየሄደ በእግሩ ወለሉን ይደበድባል፣ ብረቱን ይነቀንቃል፣ «ይሄ ላልቷል፣ ይሄ ደህና ነው፣ ይሄን ማን አሰረው» ይላል። አልቅሻለሁ፤ የባሕር ውኃ ረጨኝ ብዬ ጠረግሁት።

ጎኔ ቆሞ «አሁን ወደ ግራ። ቀስ። ጭራዋን ስሚያት» አለኝ። ሦስት ጊዜ ዞርን። የእኔን ስሕተት ለመፍታት አንድ ጨምሪ አለኝና አራተኛ ዞርን። ጨርሰን ወደ መሳፈሪያው ሳቀና «ወዴት ነው?» አለኝ።

«ወደ ቤት።»

«ታይ ደጅሽ ቆሞ? የወደቡን አፍ ይዘሽ ውጪ። ሲፈላ እኔ እነግርሻለሁ።» ወጣን። ሲፈላም ነገረኝ። አንድ ትንሽ ታይ ይዘን ገባን፤ እስከ ዛሬ ስለሱ ሲያወራ በእጁ የሚያሳየው ርዝመት በየቀኑ ያድጋል።

ትናንት «ለሱቅ ጠባቂው ጻፊለት፤ ከግራ ሦስተኛው ዳዶ አሁንም ላልቷልና መጥቶ እራሱ ያጥብቀው» ብሎኛል። እንደ ጥሪ ቁጠረው፤ ከዚህ የተሻለ አያወጣም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አርባ ዓመት ሙሉ ከዚያ ግንብ ላይ ጀልባ የሸኘሁ ሴት ቀኝና ግራ የሚጠፋኝ ይመስልሃል? ካህኑን ለብቻው ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። አንተ ግን በመልስህ ላይ ይህን ነገር ጭራሽ እንዳታነሣ፤ ከእንግዲህ ደብዳቤህን ቀድሞ የሚከፍተው እሱ ነው።

አክስትህ ኪኑዬ